ጉሬዛ ልናይ የሄድን ጊዜ

ስለዚያ ጉዞ አባቴና እናቴ እስከ ዛሬ አይስማሙም።

አባቴ ዘርይሁን እንዲህ ይላል፦ «እናትህ ለመጨረሻ ጊዜ ከልቧ የሳቀችው ያን ጊዜ ነው። ያንን የሰጠኋት እኔ ነኝ። ከከተማ ባላወጣት ኖሮ መንገድ ላይ፣ ብቻዋን፣ ከማንም አፍ ትሰማው ነበር።»

እናቴ የሺወርቅ ደግሞ፦ «ልጄ አፈር በለበሰ ሳምንት እኔን ዛፍ ላይ የተቀመጠ ጉሬዛ ያሳየኝ ነበር። ደግሞም አልሳቅኩም» ትላለች።

ስቃለች። አጠገቧ ነበርኩ። ይህን ስነግራት ግን ፊቷን ስለምታዞር መንገሩን ትቼዋለሁ። ሁለቱም ዛሬም ናይሮቢ፣ ካዋንግዋሬ ሰፈር ውስጥ በአንድ ጣራ ሥር ይኖራሉ፤ እሱ ሻይ ያፈላል፣ እሷ ትቀዳለች፤ በዚህ ነገር ብቻ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት አገር ናቸው። እኔ ለማንኛቸውም ማድላት አልፈልግም። ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሁሉንም ነገር በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያየሁት የመሰለኝ ግን ሌላ ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ኢያሱ ሐዋሳ ከአያታችን ጋር የቀረ ልጅ ነው። ወላጆቼ ሲሰደዱ መንገዱን አይችልም ተብሎ ተትቶ፣ እኔ እዚህ ናይሮቢ ተወለድኩ። እሱን የማምጣቱ ጉዳይ ጊጊሪ ካለ የስደተኞች ቢሮ ለዓመታት ሲንከባለል ቆይቶ፣ በመጨረሻ «ተቃርቧል» ተብሎ ነበር። እናቴ ፍራሽ ገዝታለት ከነላስቲኩ ከበሩ ጀርባ አቁማዋለች። በዚያው ሳምንት መጀመሪያ ላይ ኢያሱ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የተሳፈረበት ባጃጅ ተገልብጦ ሞተ። ለአባቴ ተደወለለት። ለእናቴ አልተነገራትም።

መርዶ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌ ተቀምጦ፣ የቅርብ ዘመድ ደርሶ፣ ስትወድቅ የሚይዛት ክንድ አጠገቧ ተዘጋጅቶ ነው የሚነገረው። እናቴ በኬንያ ምድር ያላት ሥጋ እህቷ ፍቅርተ ብቻ ነበረች፤ እሷም ካኩማ የስደተኞች ካምፕ ሆና የመውጫ ፈቃድ ትጠብቃለች። «ፍቅርተ እስክትደርስ ይቆይ» ተባለ።

እኔ ደግሞ ኢያሱ ሊመጣ ነው ብዬ አመንኩ።

ለማመን ምክንያት ነበረኝ። ከጥቂት ወራት በፊት የሰንበት ትምህርት ጓደኛዬ የብሩክታዊት አባት ከካምፕ ወጥቶ ሲመጣ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ለሚስቱ ሳይነግሩ መዘምራን ልብስ በሚቀይሩበት ክፍል ደብቀውት ነበር። መዝሙሩ መሐል ላይ መጋረጃው ተገለጠ። የብሩክታዊት እናት አንድ ጫማዋ ወልቆ እየቀረ ሮጠች። እኛ ልጆች «ሰርፕራይዝ» የሚለውን ቃል ከዚያ በኋላ ከአፋችን አልለየነውም። ትልልቅ ሰዎች ሲንሾካሾኩ፣ ለእኔ፣ የሆነ ሰው ሊመጣ ነው ማለት ነበር።

አባቴ ዌስትላንድስ ሰፈር ላለ አስጎብኚ ድርጅት ሾፌር ነው። በተደወለለት ሰሞን አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሚነዳው ቫን የኋላ ወንበር ላይ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። የቫኑ ውስጥ ሁልጊዜ አቧራና የፈረንጅ የፀሐይ ቅባት ይሸታል። አባቴና የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሼ ባንታየሁ ከተከፈተው በር አጠገብ ቆመዋል።

«ከከተማ አውጣት» አሉ ጋሼ ባንታየሁ። «እዚህ ከዋለች ከአንዷ አፍ ማምለጡ አይቀርም። የናይሮቢ ሐበሻ ምሥጢር ቢይዝ እስከ ገበያ ድረስ ነው።»

«የት ልውሰዳት?»

«አንተ አይደለህ ሾፌሩ? ፈረንጆቹን የምትወስድበት ቦታ ውሰዳት። ራቅ ያለ ቢሆን ጥሩ ነው። እሁድ ከሰዓት ስትመለሱ ሁላችንም ቤት እንጠብቃችኋለን። ፍቅርተም ትደርሳለች።»

«ፊቴን ታውቀዋለች፣ ጋሼ። ገና ሳታየኝ ነው የምታውቀው።»

«እንግዲያው ልጁን ይዘህ ሂድ። ልጅ መሐል ካለ አንተን የሚያይህ የለም።»

«ኢያሱን ብታነሳብኝስ?»

«ዝም በል። እሁድ ሁሉም ይወጣል።»

ኢያሱ። ፍቅርተ። እሁድ። ሁላችንም ቤት እንጠብቃችኋለን። ከዚህ በላይ ምን ይነገረኝ? አባቴ ግንባሩን ቫኑ ላይ አስደገፈ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ሳቁን የሚያፍን መሰለኝ። እኔም እጄን አፌ ላይ አድርጌ አብሬው ሳቅኩ።

እናቴ ላቪንግተን ሰፈር አንድ የፈረንጅ ቤት ትሠራ ነበር። በማግሥቱ ከሥራ ስትመለስ ግራ ገብቷት ነበር። «ማዳም ምን እንደነካት እንጃ» አለች ቦርሳዋን እያስቀመጠች። «ፈቃድ ልጠይቃት ስል ገና አፌን ሳልከፍት ‹ሂጂ፣ ሂጂ› አለችኝ። አቀፈችኝ ደግሞ። ይህን ሁሉ ዓመት እጇን ጨብጬ አላውቅም።»

«ባሏ ሹመት አግኝቶ ይሆናል» አለ አባቴ፤ ሽንኩርት እየከተፈ ነበር፤ ቀና አላለም።

«አንተስ ምን አግኝተህ ነው ጉብኝት የምትወስደን? ስንት ጊዜ ለምኜህ ‹ቫኑ የእኔ አይደለም› ስትለኝ ኖረህ።»

«አሁን ፈቀዱልኝ።»

«እንግዲህ የጌታ መምጣት ደርሷል» አለች እናቴና ወደ እኔ ዞራ ዓይኗን አፈጠጠች። እንደዚህ ስታደርግ ሁልጊዜ ያስቀኛል።

ልንነሳ ስንል አባቴ የእናቴን ስልክ ጀርባ ፈልቅቆ ሲም ካርዱን ሲያወጣ አየሁት። ማየቴን አየ። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። እኔም የእኔን ጣት ከንፈሬ ላይ አደረግኩ። ከአባቴ ጋር እንደዚያ ቀን እኩል የሆንኩበት ጊዜ የለም።

የሄድንበት ፓርክ በኬንያ ምዕራብ በኩል፣ ከትልቁ ሐይቅ ዳር ነው። ከናይሮቢ ወጥተን ሊሙሩን ስናልፍ ስምጥ ሸለቆው ከሥራችን ሲከፈት እናቴ መስኮቱን አውርዳ ፊቷን ለነፋስ ሰጠች።

«ኢያሱ ሲመጣ እዚህች ጋ እናቆመዋለን» አለች። «እዚህች ጋ አውርደን እናሳየዋለን። አይደል፣ ዘርዬ?»

አባቴ ፍሬን ያዘ። «ጎማው ድምፅ አለው» ብሎ ወረደ።

ከቫኑ ኋላ ሄዶ ቆየ። ተመልሶ መጥቶ ሞተሩን አስነሳ። እናቴ ስለ ኢያሱ ባነሳች ቁጥር ጎማው ድምፅ ያሰማ ጀመር። ከናኩሩ ወዲያ አነሳች፤ ወረደ። የሻይ ተክሉ መሐል ስንደርስ ኢያሱ በስልክ ድምፁ መጎርነኑን፣ «አቤት» ሲላት ሰው ተሳስታ የደወለች መስሏት ልትዘጋ እንደነበር አነሳች፤ ወረደ።

«የፈረንጅ መኪና እንዲህ ነው እንዴ?» አለችኝ እናቴ። «ከእኛ ቤት ጣራ ይብሳል።»

አባቴ ከብዙ ዓመት በኋላ እንደነገረኝ ጎማው ምንም አልነበረውም። ከቫኑ ኋላ ሆኖ አቧራውን ነበር የሚያየው።

ሐይቁ ጋ ስንደርስ ፀሐይ ዘቅዝቃለች። ውሃው መጨረሻ የለውም፤ ዓሣና እርጥብ ሣር ይሸታል። ከዳርቻው ጀምሮ ጥቅጥቅ ያለ ደን ወደ ኮረብታው ይወጣል። ያደርነው የፓርኩ ጠባቂዎች ለእንግዳ በሚያከራዩት የእንጨት ጎጆ ነው። ጠባቂው ኦዲያምቦ የአባቴ የቆየ ትውውቅ ነው፤ ረዥም፣ የጎማ ቦቲ ያደረገ ሰው። አባቴ ወደ ጎን ወስዶ አንድ ነገር ነገረው። ኦዲያምቦ ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ፣ ወደ እናቴ መጥቶ እጇን በሁለት እጁ ያዘና «ፖሌ ሳና፣ ማማ» አላት። በስዋሂሊ «በጣም አዝናለሁ» ማለት ነው። እናቴ ከቫኑ ስትወርድ ቀሚሷን እሾህ ይዞት ስለነበር፣ «ኧረ ምንም አልሆንኩም» ብላ ቀሚሷን አራገፈች።

ጠዋት ገና ሳይነጋጋ ደኑ ውስጥ የሆነ ነገር አገሳ። አንበሳ መስሎኝ እናቴ ላይ ተጣበቅኩ።

«ጉሬዛ ነው፣ ሞኙ» አለችኝ። ድምፅዋ ውስጥ የማላውቀው ነገር ነበር። «ሐዋሳ ሐይቁ ዳር እንደዚህ ነበር የሚቀሰቅሱን። ኢያሱ ገና አፉን ሲፈታ ‹አባባ እያንኮራፋ ነው› ይል ነበር።»

ኦዲያምቦ እየመራን ገባን። ከአንድ ትልቅ ሾላ ሥር ስንደርስ እጁን አነሳ። በመጀመሪያ ያየሁት ጅራት ነው፤ ጫፉ ላይ ነጭ ጭራ ያለው ረዥም ጅራት፣ ከቅርንጫፍ እንደ መጋረጃ ገመድ የተንጠለጠለ። ከዚያ ዛፉ ሙሉ መሆኑን አየሁ። ጥቁር፣ ትከሻቸው ላይ ነጭ ካባ የደረቡ፣ ፊታቸው እንደ ጉባኤ ሽማግሌ የተኮሳተረ።

«ጋሼ ባንታየሁ!» አልኩ።

እናቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። «ዝም በል፣ ይሰሙሃል» አለች፤ ሆዷ ይንቀጠቀጣል።

ከእነሱ መሐል አንዲቷ ነጭ ግልገል ታቅፋለች። ምንም ጥቁር ነገር የለበትም፤ ጥጥ ይመስላል፣ ፊቱ ብቻ ቀላ ያለ። ሲወለዱ እንዲህ ናቸው አለ ኦዲያምቦ፤ ወራት ሲያልፍ ይጠቁራሉ። ወዲያው ሌላይቱ መጥታ ግልገሉን ከእናቱ እጅ ወሰደች። ከሷም ሌላይቱ ተቀበለች። ግልገሉ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ራቀ።

«እናቱ የትኛዋ ናት?» አለች እናቴ።

ኦዲያምቦ አሳያት። ባዶ እጇን የተቀመጠችው።

«ለምን ትሰጣቸዋለች?»

«ልማዳቸው ነው፣ ማማ። እሷ እንድትበላ ነው፣ ሌሎቹ ያግዟታል። ይመልሱላታል።»

እናቴ የሾላው ሥር ላይ ተቀመጠች። አባቴ «እንሂድ፣ ወደ ውሃው እንውረድ» አላት። «እስኪመልሱላት አልነሳም» አለች። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ጠራት። «አልነሳም አልኩህ፣ ዘርዬ። መጨረሻውን ልየው።» አባቴ ብቻውን ወደ ሐይቁ ወረደ። ድንጋዩ ላይ ጀርባውን ሰጥቶን ሲቀመጥ ይታየኛል።

ረዥም ጊዜ ተቀመጥን። ጉንዳን እግሬን በላኝ፤ እኔም አልተነሳሁም። በመጨረሻ አንዲት አሮጊት ጉሬዛ ግልገሉን ይዛ ተመለሰችና እናቱ ጭን ላይ አኖረችው። እናቱ አየችው፣ ጠጉሩን ገለጥ አደረገች፣ ቅጠሏን መብላት ቀጠለች።

«ተመስገን» አለች እናቴ። እኔንም አንገቴን አቅፋ ወደ ደረቷ ሳበችኝ። «አሁን ንገረኝ፣ ዮፍታሄ። አባትህና አንተ ምንድን ነው የደበቃችሁኝ?»

«ምንም።»

«ማል።»

«ጴንጤ አይምልም።»

ያኔ ነው የሳቀችው። ራሷን ወደ ኋላ ጥላ፣ ከልቧ። ጉሬዛዎቹ ደንግጠው ወደ ላይ ወጡ፤ ኦዲያምቦ መሬት መሬት አየ። ሳቋ ሲያልቅ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ አተኩራ ተመለከተችኝ። ለመደበቅ የሞከርኩትን ያህል ደስታዬ በጉንጬ በኩል ይወጣል።

«ከሐዋሳ ነው?» አለችኝ በሹክሹክታ።

አፌን በሁለት እጄ ሸፈንኩ።

ዓይኗ ሞላ፤ አልፈሰሰም። «ለአባትህ ማወቄን እንዳትነግረው» አለች። «ደስ ብሎት ነው ያዘጋጀው። አናበላሽበት።»

በዓለም ላይ የምታምነው ፊት የእኔ ነበር፤ አባቴም ጋሼ ባንታየሁም ይህን ያውቁ ነበር። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሦስታችንም አንድ ስም ደብቀን እርስ በርሳችን ፈገግ እያልን ዋልን። ማታ እናቴ በሐይቁ ውሃ ጠጉሯን ታጥባ፣ ስትሠራው ዘመረች። አባቴ ራቱን አልበላም።

እሁድ ስንመለስ መንገድ ዳር የሚቱምባ ገበያ አለ፤ ከውጭ አገር የመጣ ልባሽ ልብስ በሽቦ ላይ ተሰቅሎ በነፋስ ይውለበለባል።

«አቁም» አለች እናቴ።

«ይመሽብናል፣ የሺ።»

«አቁም አልኩህ እኮ።»

ልብሱን አንድ በአንድ እየገለጠች ሄደች። ሰማያዊ መስመር ያለው ነጭ ሸሚዝ አወጣች፤ አንገትጌውን አየች፣ ስፌቱን ሳበች። ከዚያ ወደ አባቴ መጥታ ሸሚዙን ደረቱ ላይ ለጠፈችው፤ እጅጌዎቹን በትከሻው ልክ ዘረጋቻቸው።

«ቀጥ ብለህ ቁም» አለችው። «በቁመት አንተን ሊያክል ነው ትላለች እማማ። እጁ እንደውም ካንተ ይረዝማል።»

«የማን ነው?» አለ አባቴ። ድምፁ አልወጣም ማለት ይቻላል።

«አንተ ታውቃለህ የማን እንደሆነ» አለችና ጠቀሰችኝ።

አባቴ እኔን አየኝ። እሷን አያት። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባው፤ እኔ ግን መያዛችን ገባው ብዬ ተፍነከነክሁ። አፉ ተከፈተ። ሻጩ በስዋሂሊ «ለእሱ የተሰፋ ነው፣ ማማ» ይላል። መኪኖች ያልፋሉ። አባቴ የሞተ ልጁን ሸሚዝ ደረቱ ላይ ይዞ ቆሟል።

«ይሆነዋል» አለ።

እናቴ ይቅር ያላለችው ይህችን ቃል ነው። «ከከተማ ማውጣቱን እሺ። የሽማግሌ ምክር ነው፣ እሺ። ‹ይሆነዋል› አለኝ» ትላለች። አባቴ ስጠይቀው፣ ሌላ ቃል ሊናገር እንደነበር፣ አፉን ሲከፍት ግን የወጣው ያ እንደሆነ ይነግረኛል። ሁለቱንም አምናቸዋለሁ።

ከዚያ እስከ ናይሮቢ ጎማው ድምፅ አላሰማም። አባቴ አንዴም አልቆመም።

ከደጃችን ፊት ለፊት የጫማ ክምር ነበር። አውቄዋለሁ! ከቫኑ ዘልዬ ወርጄ ከሁሉም ቀድሜ ገባሁ። ሳሎናችን ውስጥ የቤተ ክርስቲያናችን ፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ ሰው ሞልቷል፤ አክስቴ ፍቅርተ የአውቶቡስ አቧራ ሳትራገፍ መሐል ተቀምጣለች። የኢያሱ ፍራሽ ላስቲኩ ተቀዶ መሬት ላይ ተነጥፏል። ከበሩ ጀርባ አየሁ። መጋረጃውን ገለጥኩ። መኝታ ቤት ገባሁ፤ አልጋ ሥር ጎንበስ አልኩ።

«ኢያሱ!» ብዬ ተጣራሁ። «ና ውጣ፣ አውቃለች!»



ስወጣ እናቴ ደፉ ላይ ነበረች፤ የሸሚዙን ፌስታል በሁለት እጇ ይዛ። ፈገግታዋ ገና ፊቷ ላይ ነው። የጫማውን ክምር አልፋ፣ ወንበሮቹን አየች፣ እህቷን አየች፣ ፍራሹን አየች። ጋሼ ባንታየሁ ተነሥተው መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ከፈቱ፤ ማንበብ ግን አላስፈለጋቸውም። ሁለት ሴቶች ክንዷን ሲይዟት አየሁ። ከዚያ ከእናቴ የወጣውን ድምፅ አልጽፈውም።

እትዬ አጸደ የምትባል ጎረቤታችን በብብቴ ይዛ ወደ ማድቤት ወሰደችኝ፤ ብስኩት ሰጠችኝ።

«እማዬ ለምን ታለቅሳለች?»

«ኢያሱ ሩቅ አገር፣ አዳሪ ትምህርት ቤት ገብቶ ነው፣ የእኔ ጌታ። ስለናፈቃት ነው።»

«አይመጣም ማለት ነው?»

«ቆይቶ ይመጣል።»

«ሸሚዙስ?»

እትዬ አጸደ ሌላ ብስኩት አስጨበጠችኝ። አባቴ ማድቤቱ በር ላይ ቆሟል። «ዘርይሁን፣ ልጁ እንዳይሰማ» አለችው። «ሲያድግ ቀስ ብሎ ይነገረዋል። አይሻልም?»

አባቴ ግድግዳውን ተደግፎ፣ «እናንተ እንዳላችሁ ይሁን» አለ።

ከሳሎን የሚመጣው ለቅሶ በድንገት ቆመ።

«ማነው ትምህርት ቤት ገባ ያለው?» አለች እናቴ። ድምፅዋ ሻክሯል፣ ግን ጸጥ ያለ ነው። «ዮፍታሄን አምጡልኝ።»

እትዬ አጸደ አጥብቃ ያዘችኝ። ጋሼ ባንታየሁ፣ «የሺወርቅ፣ ልጄ፣ እሱ ሕፃን ነው» ሲሉ ተሰማኝ። «አይችለውም። ቀስ በቀስ ይሻላል።»

ከእትዬ አጸደ እጅ ወጥቼ ወደ ሳሎን ሮጥኩ። እናቴ ፍራሹ ላይ ተቀምጣለች፤ ጠጉሯ ተፈቷል፤ የያዟትን እጆች አንድ በአንድ ከላይዋ ታነሣለች።

«በእኔ ላይ ቀስ በቀስ አድርጋችኋል፣ ጋሼ» አለች። «በልጄ ላይ አይደረግም። እዚህ ጭኔ ላይ ይቀመጥ። ዘርይሁን፣ አንተም ና፣ አጠገቤ ተቀመጥ። ወንድሙ መሞቱን እኔው እነግረዋለሁ፤ አሁን፣ አንተ እየሰማህ።»